የቴሌቪዥኑ ጌይ ከየት መጣ? የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ሥዕል በአሜሪካ ድራማ

መግቢያ

አንድን ሰው በሁለት መንገድ ልናውቀው እንችላለን። አንደኛው አብሮ በመኖር ነው፤ ቡና ተጠራርተን፣ አንድ ክፍል ተምረን፣ ተጣልተን ታርቀን። ሁለተኛው ስለ እሱ ሲወራ በመስማትና ሥዕሉን በማየት ነው። በአገራችን ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ያለን ዕውቀት በአብዛኛው የሚመጣው በሁለተኛው መንገድ ነው። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ይከለክላል፤ የሃይማኖት ተቋማቱም ይቃወሙታል። ስለዚህ «እኔ እንዲህ ነኝ» ብሎ በአደባባይ የሚናገር ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ሆኖ ሳለ በግቢያችን ውስጥ «ጌይ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚያጣ ተማሪ አይገኝም። አለባበሱን፣ ድምፁን፣ የእጁን አወዛወዝ ሳይቀር አስመስሎ ያሳያችኋል። እንግዲህ አንድም ቀን አብሮት ቡና ያልጠጣውን ሰው እንዲህ አሳምሮ ያወቀው ከየት ነው? መልሱ ሩቅ አይደለም። በዲሽ፣ በሲዲ፣ ዛሬ ደግሞ በስልክ ከምናየው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሕግ ወይም የሃይማኖት ክርክር ለመዳኘት አልተነሣም። የሚያነሣው የትምህርት ክፍላችንን የሚመለከት ጥያቄ ነው። ያ ሥዕል እንዴት ተሠራ? ማን ፈቀደው? ማንስ ከፈለበት? ከዚህ በታች እንደምናየው ሥዕሉ ለረጅም ዘመን የተሣለው ሰዎቹ በሆኑት ልክ ሳይሆን ማስታወቂያ አስነጋሪው በፈቀደው ልክ ነው።

ስለ ቃላት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለእነዚህ ሰዎች ግን በአማርኛ የተለመደውን ስም ያወጡላቸው እነሱ ራሳቸው አይደሉም። «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ከመጽሐፍ ቅዱሱ የሰዶም ታሪክ የመጣ ስለሆነ ገና ሲጠራ ፍርዱን ይዞ ነው የሚመጣው። ሥዕልን ለማጥናት ደግሞ እንዲህ ያለ ቃል አይመችም፤ ከጥያቄው በፊት መልሱን ይሰጣላ! ስለዚህ እዚህ ላይ «ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» የሚለውን፣ አንዳንዴም በየሰዉ አፍ የገባውን «ጌይ» የሚለውን ቃል እንጠቀማለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አራቱ ደረጃዎች

ሴድሪክ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁሮችንና ሌሎች በቁጥር አናሳ የሆኑ ወገኖችን የሚያሳይበትን መንገድ በአራት ደረጃ ከፈለው። የመጀመሪያው አለመታየት ነው፤ ሰዎቹ በስክሪኑ ላይ ጭራሽ የሉም። ሁለተኛው መሳቂያ መሆን ነው፤ ይታያሉ፣ ግን እንዲሳቅባቸው ብቻ ነው። ሦስተኛው ሥርዓት አስከባሪ መሆን ነው፤ ፖሊስ፣ መርማሪ፣ ጨዋና ነቀፋ የሌለበት ሰው ሆነው ይቀርባሉ። አራተኛው ክብር ማግኘት ነው፤ እንደማንኛውም ሰው ደግም ክፉም፣ ጎበዝም ሰነፍም ሆነው ይታያሉ።

ክላርክ የጻፈው ስለ ጌዮች አልነበረም። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ደረጃዎቹን ወስደው ለዚህ ጉዳይ ተጠቅመውባቸዋል፤ በትክክልም ይሠራሉ። አንድ ጉድለት ግን አላቸው። ሥዕሉ የት እንደደረሰ ይነግሩናል እንጂ ለምን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እንዳለፈ አይነግሩንም። ለዚያ ወደ ገንዘቡ መሄድ አለብን።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

እስከ 1980ዎቹ ድረስ የአሜሪካን ቴሌቪዥን በዋናነት የያዙት ሦስት ኔትወርኮች ነበሩ፤ ኤቢሲ፣ ኤንቢሲና ሲቢኤስ። ኔትወርኩ ፕሮግራሙን አዘጋጅቶ በየከተማው ላሉ አጋር ጣቢያዎች ይልካል፤ ጣቢያዎቹ ለሕዝቡ ያሠራጫሉ። ተመልካቹ ለዚህ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። የሚከፍለው ሳሙናና መኪና የሚሸጠው ኩባንያ ነው። በሌላ አነጋገር ኔትወርኩ የሚሸጠው ድራማውን አይደለም፤ ተመልካቹን ነው። ገዢው ደግሞ ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው።

በዚህ አሠራር አንድ ትዕይንት ተመልካች ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሦስት በሮችን ያልፋል። አንደኛው በኔትወርኩ ውስጥ ጽሑፉን መስመር በመስመር የሚመረምረው ክፍል ነው። ሁለተኛው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። ሦስተኛው በየከተማው ያለው ጣቢያ ነው፤ አላሠራጭም ካለ ማንም አያስገድደውም። ከሦስቱ አንዱ እንቢ ካለ ጸሐፊው ምንም ያህል ቅን ሰው ቢሆን ዋጋ የለውም።

ከመደበቅ እስከ ሳሎን፦ 1967–1974

የሆሊውድ ሲኒማ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ያስከብረው በነበረው ደንብ ጉዳዩን በግልጽ ማሳየት የተከለከለ ነበር፤ ደንቡ በዚህ ረገድ የላላው በ1961 ነው። ቴሌቪዥኑም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። በመጋቢት 1967 ሲቢኤስ በጋዜጠኛው ማይክ ዋላስ አቅራቢነት ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች አንድ ዘጋቢ ፊልም አስተላለፈ። ከተናገሩት ሰዎች አንዱ የታየው ፊቱ በአትክልት ቅጠል ተሸፍኖ ነው። የአእምሮ ሐኪም ቀርቦ ስለ «በሽታው» አብራራ። ጃክ ኒኮልስ የተባለው የመብት ተሟጋች ግን ፊቱን ሳይሸፍን ቀረበ። ይሁን እንጂ ስሙን ለውጦ ነበር፤ አባቱ የኤፍ ቢ አይ ሠራተኛ ስለነበሩ እንጀራቸው እንዳይዘጋ ብሎ ነው። ፕሮግራሙ በታየ ማግስት እሱ ራሱ ከሆቴል ሥራው ተባረረ። ቅጠሉ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በየካቲት 1971 እዚያው ሲቢኤስ ላይ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የተባለው አስቂኝ ተከታታይ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። የቤቱ አባወራ አርቺ በንቀትና በጥላቻ የተሞላ ሰው ነው። የልጁን ባልና የሚስቱን ቀጭን ጓደኛ በአነጋገሩና በአለባበሱ «ይሄማ ጌይ ነው» ይላል። በመጨረሻ የሚታወቀው ግን ሌላ ነው። ጌዩ አርቺ የሚያደንቀው፣ ክንደ ብርቱው፣ የቀድሞው የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ጓደኛው ነው! ልብ በሉ፣ ሳቁ አልቀረም፤ የሚሳቅበት ሰው ግን ተለወጠ። የተሳቀው በአርቺ ነው። እኛ ዛሬም «በእጁ አወዛወዝ አውቀዋለሁ» ስንል ያ ክፍል ከ50 ዓመት በፊት ያፈረሰውን ነገር መልሰን እየገነባን ነው።

በ1972 ኤቢሲ «ዛት ሰርተን ሰመር» የተባለ ፊልም አሳየ። አንድ የተፋታ አባት ከሌላ ወንድ ጋር እንደሚኖር የ14 ዓመት ልጁ ይደርስበታል። ፊልሙ ሰዎቹን በአክብሮት ይዟል፤ ተሸልሟልም። ግን ሁለቱ ወንዶች አይሳሳሙም፤ አባትየውም ምርጫ ቢኖረው ይህን ሕይወት ለራሱ እንደማይመርጥ ለልጁ ይናገራል። የመጀመሪያው በር የሠራው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። ሰውየው እንዲታይ ተፈቀደ፣ እያዘነ እስከታየ ድረስ።

በሮቹ ግን የሚዘጉት በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በ1974 «ማርከስ ዌልቢ» በተባለው የሐኪም ድራማ ላይ አንድ መምህር ወንድ ተማሪውን ሲደፍር የሚያሳይ ክፍል ተዘጋጀ። የጌይ መብት ተሟጋቾች «ልጅ መድፈርን ከእኛ ጋር ታምታታላችሁ» ብለው ተነሡ። ወደ ኔትወርኩ ብቻ ሳይሆን ወደ ስፖንሰሮቹና ወደየከተማው ጣቢያዎች ሄዱ። ስፖንሰሮች ማስታወቂያቸውን አነሡ፤ ጥቂት ጣቢያዎችም ክፍሉን አናሳይም አሉ። ተሟጋቾቹ አሠራሩን ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። ሥዕሉን ለማስተካከል ከሠዓሊው ይልቅ ሸራውን የሚገዛውን ሰው ማነጋገር እንደሚሻል ተረድተዋል።

በሽታ፣ አልጋና መሳም፦ 1985–1997

በ1985 ኤድስ አሜሪካን ባስጨነቀበት ሰዓት ኤንቢሲ «አን ኧርሊ ፍሮስት» የተባለ ፊልም አሳየ፤ ትርጉሙ ያለ ጊዜው የመጣ ውርጭ እንደማለት ነው። አንድ ወጣት ጠበቃ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ለወላጆቹ ይነግራል፦ ጌይ መሆኑንና ኤድስ እንደያዘው። የአምቡላንስ ሠራተኞች አንወስድም ብለው ጥለውት ይሄዳሉ። አያቱ ግን ራሱን ሊያሸሽ ሲል ይዘው ይስሙታል። በሽታው በመሳም ይተላለፋል ተብሎ በሚፈራበት ዘመን ያ የአያት መሳም ከብዙ የጤና ትምህርት ይበልጥ ነበር። እኛም በአገራችን ኤድስ የያዘው ሰው ብርጭቆው ሲለይበት፣ ቤት ሲከለከል ያየን ሰዎች ስለሆንን ትዕይንቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት አንቸገርም። ይሁን እንጂ አያት የልጅ ልጃቸውን ሳሙ እንጂ ጠበቃው ከሚያፈቅረው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲቀራረብ አይታይም።

በ1989 ኤቢሲ ላይ በሚታየው «ተርቲሳምቲንግ» ሁለት ወንዶች አልጋ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ታዩ። አልተነካኩም፤ ማውራት ብቻ ነው። ስፖንሰሮች ሸሹ፤ ኔትወርኩ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የማስታወቂያ ገቢ አጣ፤ ክፍሉም በበጋው ድጋሚ ሥርጭት ሳይካተት ቀረ። በ1994 ፎክስ ላይ በ«ሜልሮዝ ፕሌስ» ሁለት ወንዶች ሊሳሳሙ ሲሉ ካሜራው ዞር ብሎ በመስኮት የሚያያቸውን ሰው ፊት አሳየ። በድራማው ዓለም መሳሙ ተፈጽሟል፤ ተመልካች ግን አላየውም።

በዚያው ዓመት የሌላ ዓይነት ፕሮግራም ላይ ሌላ ዓይነት ሰው ታየ። ፔድሮ ዛሞራ ኩባ የተወለደ፣ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለበት ወጣት ነበር። ኤምቲቪ ወጣቶችን አንድ ቤት ውስጥ አኑሮ በሚቀርጸው «ዘ ሪል ወርልድ» ውስጥ ገብቶ ሳህን ሲያጥብ፣ ሲከራከር፣ ከፍቅረኛው ጋር ቃል ኪዳን ሲገባ ታየ። የመጨረሻው ክፍል በተላለፈ ማግስት፣ ኅዳር 11 ቀን 1994፣ በ22 ዓመቱ አረፈ። ማንም ጸሐፊ የደረሰለት ቃል አልነበረም፤ ራሱ ነው የተናገረው።

ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ደግሞ ኤቢሲ ላይ «ኤለን» በተባለው አስቂኝ ተከታታይ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሴት አፍቃሪ መሆኗን ተናገረች። ተዋናይዋ ኤለን ዲጀነረስም ስለ ራሷ በዚያው ሰሞን ተናግራ ነበር። ወደ 42 ሚሊዮን ሕዝብ አየው። እንግዲህ ተመልካች ካለ ገንዘብ አለ ማለት አይደለም እንዴ? አልሆነም። ክራይስለርና ጄሲ ፔኒ ማስታወቂያ አንገዛም አሉ፤ በበርሚንግሃም፣ አላባማ ያለው አጋር ጣቢያ አላሠራጨውም። በቀጣዩ ምዕራፍ ፕሮግራሙ ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተለጠፈበት፤ በ1998 ተቋረጠ።

ጸሐፊዎቹ እነዚያው፣ ከፋዩ ሌላ

እስካሁን ያልነውን ከምንም በላይ የሚያረጋግጥ አንድ ምሳሌ አለ። «አን ኧርሊ ፍሮስት»ን የጻፉት ሮን ካውንና ዳንኤል ሊፕማን ናቸው። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ እነዚሁ ሁለት ሰዎች «ኩዊር አዝ ፎክ» የተባለውን የእንግሊዝ ድራማ ለአሜሪካ አዘጋጁ። በዚህኛው ድራማ ውስጥ ጌዮቹ ይሳሳማሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ይዋሻሉ፣ ይከዳዳሉ፣ ይሳሳታሉ። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የሚደበቅ ነገር የለም።

ጸሐፊዎቹ ተለወጡ? አይደለም። የተለወጠው ከፋዩ ነው። «ኩዊር አዝ ፎክ» የታየው ሾውታይም በተባለ የኬብል ጣቢያ ነው። ሾውታይም ያኔ ይኖር የነበረው በማስታወቂያ ሳይሆን ደንበኞች በየወሩ በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። የሚያኮርፍ የሳሙና ኩባንያ የለም፤ የሚፈለገው ደንበኛው በሚቀጥለው ወር እንዲከፍል ብቻ ነው። ሦስቱ በሮች ወደ አንድ ወረዱ። በእርግጥ በ15 ዓመት ውስጥ አገሩም ተለውጧል፤ ሁሉንም በገንዘብ ማስረዳት አይቻልም። ግን በዚያው በ2000 የማስታወቂያው ቴሌቪዥን የት ነበር ብለን ብንጠይቅ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሁለት ወንዶች መካከል በስሜት የተደረገ መሳም በኔትወርክ የምሽት ድራማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያኔ፣ በግንቦት 2000፣ በ«ዳውሰንስ ክሪክ» ላይ ነው።

ጨዋው ጎረቤት

ብዙዎቻችን የምናውቀው «ዊል ኤንድ ግሬስ» በ1998 በኤንቢሲ ጀመረ። ዊል ጠበቃ፣ ጨዋና ንጹሕ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ግን የረባ የፍቅር ሕይወት አልነበረውም። ጓደኛው ጃክ ደግሞ ቀባጣሪና አስቂኝ ነው። ክላርክ ቢያየው ዊልን በሦስተኛው፣ ጃክን በሁለተኛው ደረጃ ባስቀመጣቸው ነበር። በየቀልዳችን የምናስመስለው ጌይም ጃክ ነው እንጂ ዊል አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ድራማ ጥቅም አለው? ኤድዋርድ ሺያፓና ባልደረቦቹ በ2005 እና በ2006 ባወጧቸው ጥናቶች ይህን ጠይቀዋል። ሐሳቡ የተነሣው ከጎርደን ኦልፖርት የ1954 መጽሐፍ ነው። ኦልፖርት ሁለት ወገኖች በእኩልነት ሲገናኙ ጥላቻ እንደሚቀንስ ጽፎ ነበር። እነ ሺያፓ ደግሞ በስክሪን መተዋወቅም በአካል ከመተዋወቅ ጋር የሚመሳሰል ውጤት ሊኖረው ይችላል አሉ። «ዊል ኤንድ ግሬስ»ን የሚያዘወትሩ የኮሌጅ ተማሪዎች ዘንድ ጥላቻው አነስ ብሎ ተገኘ፤ ግንኙነቱ በይበልጥ የጎላው በሕይወታቸው ጌይ የሚያውቁት ሰው እምብዛም በሌላቸው ተማሪዎች ላይ ነው። በ2012 የያኔው ምክትል ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ሕዝቡን በዚህ ጉዳይ ላይ ይህ ድራማ ያስተማረውን ያህል ያስተማረ ነገር የለም ማለት እንደሚቻል ተናግረዋል።

ይህ ግኝት እኛን በቀጥታ ይመለከታል። የሚያውቁት ሰው የሌላቸው ተመልካቾች ማለት እኮ እኛ ነን! ሥዕሉ ለአሜሪካዊው ተመልካች ከጎረቤቱ ጋር የሚያመሳክረው ነገር ነው፤ ለእኛ ግን ሥዕሉ ራሱ ጎረቤት ሆኗል። ስለዚህ ጃክን ስንቀበል አንድን ሰው ያወቅን ይመስለናል፤ ያወቅነው ግን ስፖንሰር እንዳይሸሽ ተብሎ የተመጠነ ቀልድ ነው።

ዛሬስ?

ከ2010ሩ ዓመታት ወዲህ ኔትፍሊክስን የመሰሉ በደንበኞች ክፍያ የሚሠሩ አገልግሎቶች ሲስፋፉ የገጸ ባሕርያቱ ቁጥር ጨምሯል። ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም። በ2016 «ዘ ሃንድረድ» በተባለው ድራማ ላይ ሌክሳ የተባለችው ተወዳጅ መሪ ከምታፈቅራት ሴት ጋር ገና አንድ ከመሆናቸው በባዘነ ጥይት ተገደለች። ተመልካቾች በቁጣ ተነሡ። ቁጣው ስለ አንዲት ገጸ ባሕርይ ብቻ አልነበረም፤ ጌይ የሆነው ሰው ደስታውን ሳያጣጥም እንዲሞት ማድረግ የቆየ ልማድ ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ «ፖዝ» ያሉ ሥራዎች መጥተዋል፤ በ2018 የጀመረው ይህ ድራማ ባለታሪኮቹን የሚመስሉ ሰዎችን ከካሜራው ፊትም ከበስተኋላውም አሠርቷል። በ2019 ቢሊ ፖርተር በዚሁ ድራማ የኤሚ ሽልማት የምርጥ መሪ ተዋናይነትን ሲወስድ፣ ጌይ መሆኑን በግልጽ የተናገረ ጥቁር ሰው በድራማ ዘርፍ ይህን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ማጠቃለያ

«ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ አባቶች። ሥዕል ሲያሳዩንም እንደዚሁ ነው። የሕግም ሆነ የሃይማኖት አቋማችን ምንም ይሁን ምን፣ የመገናኛ ብዙኃን ተማሪ በስክሪን ያየውን ሰው ከእውነተኛው ሰው ለይቶ ማየት አለበት። ለዚህ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ይህ ገጸ ባሕርይ ምን ማድረግ ተፈቅዶለታል፣ ምንስ ተከልክሏል? የሚሳቀው በእሱ ነው ወይስ በሚንቀው ሰው? እስከ መጨረሻው ክፍል ይኖራል? ለፕሮግራሙ የከፈለው ማን ነው?

ጥያቄዎቹ ለራሳችን ድራማም ይሆናሉ። ከገጠር የመጣው ዘበኛ በአነጋገሩ ብቻ ሲያስቀን፣ የቤት ሠራተኛዋ ቡና አቅርባ ስትወጣ ስሟ እንኳ ሳይነገር ሲቀር፣ ክላርክ የት ያስቀምጣቸው ነበር? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ከዚህ ሊጀምር ይችላል። አንድ ተከታታይ ድራማ ይምረጥ፣ ገጸ ባሕርያቱን በአራቱ ደረጃዎች ይመድብ፤ ከዚያ በመሃል የገቡትን ማስታወቂያዎች ከነስፖንሰሮቻቸው መዝግቦ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው።